ኡራኤል ላይ የረገጥኩት ሰውዬ

ሰውየውን ሁለት ጊዜ ነው የረገጥኩት። አንዴ ጎኑን፣ አንዴ ፊቱን ሊሸፍን ያነሳውን ክንዱን። ረፋድ ላይ ከካዛንቺስ በእግሬ ወርጄ ኡራኤል ታክሲ ማቆሚያ ደርሼ ነበር። "ሌባ፣ ሌባ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው በሰዎች መሃል ተይዟል፤ እጁ ላይ ስልክ አለ። ማን እንደጮኸ አላየሁም፣ አልጠየቅኩምም። ከዚያ በፊት በነበረው ወር የኔን ስልክ ታክሲ ስጋፋ ከኪሴ ወስደውብኛል፤ የሁለት ዓመት ሥዕሌና ቪዲዮዬ ሁሉ አብሮ ሄዷል። ንዴቱ ገና አልወጣልኝም ነበር። ሰውየው ከአንድ ሚኒባስ ጀርባ ሲወድቅ ሰው ገፍቼ ገባሁና ረገጥኩት። ደስ አለኝ፤ ይህን መደበቅ አልችልም። የዚያን ቀን ምሳዬን በደንብ በላሁ።

ያኔ የፊልም ተማሪ ነበርኩ፤ የመጨረሻ ዓመት። ለመመረቂያ ሦስት ሆነን አጭር አኒሜሽን መሥራት ነበረብን። እያንዳንዱን ምስል በእጅ ከመሣል ይልቅ የቪዲዮ ጌም የሚሠራበትን ሶፍትዌር፣ ኢንጂን የሚሉትን፣ ልንጠቀም ወሰንን። መንገዱን፣ መኪናውን፣ ሰዎቹን እዚያ ውስጥ ታቆማለህ፤ ካሜራህን የፈለግክበት ታስቀምጣለህ፤ ፊልሙ እዚያው ይታይሃል። ጠንካራ ኮምፒውተር ያላት አንዷ ጓደኛችን ብቻ ስለነበረች ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም እነሱ ቤት ነበር የምንሠራው። ዳይሬክተሯም እሷ ነበረች። ሦስተኛው ረጅም፣ ቀልደኛ ልጅ ነው፤ ድምፅ የሚሠራው እሱ ነበር።

"ባለፈው ኡራኤል ላይ ሰው ሲደበደብ ከታክሲ መስኮት አይቻለሁ" አለች የመጀመሪያው ቀን። "እሱን ነው የምንሠራው።"

"ጥሩ ነው" አልኩ።

ታክሲ ማቆሚያውን በሁለት ሳምንት ሠራነው። ከዚያ ለጌም የተዘጋጁ የድብድብ እንቅስቃሴዎች ከኢንተርኔት አወረድን። ስክሪኑ ላይ ቡጢ የቀመሰው ሰውዬ ሦስት ሜትር በሮ አስፋልት ላይ ተንከባለለና ተነስቶ ቆመ። ረጅሙ በሳቅ ሞተ። እሷ ግን አልሳቀችም።

"ሰው እንዲህ አይወድቅም" አለች። "ማለቴ፣ ይሄ ጌም ነው። ሰው ሲመታ ይኮማተራል እንጂ አይበርም። በቃ፣ ራሳችን እንሥራው።"

ሰው ሲንቀሳቀስ በስልክ ቀርፀህ ስታስገባው እንቅስቃሴውን አንብቦ ለገጸ ባሕሪው የሚሰጥ ፕሮግራም ነበራት። ሳሎኑ ውስጥ ፍራሽ አነጠፍን። ረጅሙ ተደብዳቢ ሆነ፤ እኔ ደብዳቢ። አንዴ በጥፊ፣ አንዴ በክርን፣ አንዴ በጫማ እየመታሁ ስቀረፅ እያንዳንዱን ለተለያየ ሰው ታለብሰዋለች። በፊልሙ ላይ ሠላሳ የሚሆኑ ደብዳቢዎች አሉ። ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ቦርሳ የያዘችው ሴትዮ፣ ሁሉም እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ረጅሙን "በግራ ጎንህ ተኛ፤ ጉልበትህን ወደ ሆድህ ሰብስብ፤ ፊትህን በመዳፍህ ሳይሆን በክንድህ ሸፍን" አልኩት።

እሷ ቀና ብላ አየችኝ። "ከየት አመጣኸው? የወደቀው ከታክሲው ጀርባ ነው። እኔ እንኳን አላየሁትም።"

ገምቼ ነው ማለት እችል ነበር። "እዚያ ነበርኩ" አልኳት።

"ቆመህ ታይ ነበር?"

"አይ።"

ስልኩን ማቆሚያው ላይ አስተካከለችና መቅረጫውን ነካችው። "አሳየን" አለች።

"ተይ እንጂ።"

"እንዴት እንደረገጥከው አሳየን።"

ቀስ ብዬ እግሬን አነሳሁና የረጅሙን ጎን ነካሁት። "እንዲህ ነበር?" አለችኝ። አይደለም አልኳት። "እንግዲያው እንደነበረው አድርገው።" ደገምኩት። አሁንም "እንዲህ ነበር?" አለች። ረጅሙ ከፍራሹ ላይ "ኧረ ሰዎች፣ እኔ እዚህ አለሁ" እያለ ሊቀልድ ሞከረ። አራተኛ፣ አምስተኛ። ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። በእሷ ተናድጄ ይሁን በራሴ አላውቅም፤ በስድስተኛው እግሬን ማቆም አልቻልኩም። ደረቅ እንጨት ሲሰበር ዓይነት ድምፅ ሰማን። ረጅሙ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ አየር ያስገባል እንጂ አያስወጣም።

ክሊኒክ ወሰድነው። የጎን አጥንቱ ተሰንጥቋል አሉን። ምን ሆነህ ነው ሲሉት "ደረጃ ላይ ወድቄ" አላቸው። ኮሪደሩ ላይ ስንጠብቅ እሷ ተነስታ መጥታ በጥፊ መታችኝ። ጥርሴ ከንፈሬን ቆረጠው። "ይሄ ለእሱ ነው" አለች። የትኛውን እሱ ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

"ስድስተኛውን ቀረፃ ነው የምንጠቀመው" አለችኝ በማግስቱ። "አንተ ደግሞ ሰውየውን ፈልገው።"

ኡራኤል ያለ አንድ ተራ አስከባሪ ያውቀው ነበር። "ለገሃር ቀበቶ የሚሸጠውን ነው? ስልኩ እኮ የራሱ ነበር" አለኝ። "ሌባ ብሎ የጮኸው ሰውዬ ጠፋብኝ ያለውን ስልክ በኋላ ከገዛ ቦርሳው አገኘው። እኛ ያኔ የተደበደበውን ሆስፒታል ወስደነው ነበር።"

ለገሃር ስደርስ ሰውየው ቀበቶዎቹን ግንብ ላይ ሰቅሎ ቆሟል። ግራ ክንዱ እስከ መጨረሻው አይዘረጋም። "ጋሼ፣ ኡራኤል የተደበደቡ ቀን ከመቱዎት አንዱ እኔ ነኝ" አልኩት። በዚያው ስለ ፊልሙም ነገርኩት። ቀኝ እጁን ዘረጋ። ስልኬን ሰጠሁት። የተሠራውን ያህል ሳያቋርጥ አየው።

"ድምፅ የለውም?"

"ገና ነው።"

"አፌን ዘግታችሁታል" አለ። "እኔ ዝም አላልኩም። ቁጥሬን እየነገርኳችሁ ነበር። ደውሉበት፣ እጄ ላይ ይጠራል እያልኩ፣ ዓይኔ እስኪጨልም ቁጥሬን ስጠራ ነበር።"

ያኔ ትዝ አለኝ። ከእግሬ ሥር ዜሮ ዘጠኝ፣ ዜሮ ዘጠኝ የሚል ድምፅ ሰምቼ ነበር። የሚቃዥ መስሎኝ ነበር።

ስልኬን መለሰልኝ፤ ከግንቡ ላይ አንድ ቀበቶ አወረደና በዘለበቱ በኩል መታኝ። የመጀመሪያው ጆሮዬ ላይ አረፈ፤ ሁለተኛው ትከሻዬ ላይ። አልከላከልም ብዬ ነበር የሄድኩት፤ ክንዴ ግን ሳላዘው ተነሳ። ወዲያው ሰው ተሰበሰበ። አንዱ ኮሌታዬን ከኋላ አንቆ ያዘ፤ ሌላው ድንጋይ አነሳ። "ሌባ ነው?" አሉት።

አልመለሰላቸውም። እያለከለከ ያየኛል። ደም በአንገቴ ወደ ሸሚዜ ሲወርድ ይሰማኛል። የሚበቃውን ያህል አቆየኝ።

"ሌባ አይደለም" አለ በመጨረሻ። "የማውቀው ልጅ ነው። ሂዱ።"

ቅር እያላቸው ተበተኑ። ኮሌታዬን የያዘው ሰው ግን ከመሄዱ በፊት ታፋዬን ረግጦኝ ሄደ።

"ቁጥሩን በእርስዎ ድምፅ ብንቀዳውስ?" አልኩት ደሜን በእጄ እየጠረግኩ።

"እኔ አንዴ ተናግሬዋለሁ" አለና ቀበቶውን ቦታው ላይ ሰቀለ።

ድምፁን የሰጠው ረጅሙ ነው፤ ጎኑ ሳይድን። እየቆራረጠ፣ የማንም ያልሆነ ቁጥር ጠራ። ትንፋሹ ያጥረው ስለነበር ማስመሰል አላስፈለገውም። ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ሲታይ ተማሪው መጀመሪያ ጌም መስሎት ያፏጭ ነበር፤ ቁጥሩ ሲጀምር ጸጥ አለ። መምህራችን ደብዳቢዎቹን እነማን እንደተወኗቸው ጠየቁ። "አንድ ሰው ነው" አለች እሷ። እኔ ተነስቼ ቆምኩ።

ከተመረቅን በኋላ እሷ ከኔ ጋር ሠርታ አታውቅም። ረጅሙ አሁንም ጓደኛዬ ነው፤ ስለዚያ ቀን ግን አናወራም። ሰውየውን ለፊልሙ ጠርቼው ነበር፤ "ሥራ አለኝ" ብሎ ቀረ። በለገሃር ሳልፍ ሰላም እለዋለሁ። አንዳንዴ ይመልሳል።