የቆቅ እንቁላል

በነቢያት ጾም የቆቅ እንቁላል በላች ተብዬ የገና ዕለት ከገበታ ተባርሬአለሁ። አልበላሁም፤ ይመዝገብልኝ።

ነርሷ የልጅ ልጄ ለአጨዳ ድብ ባሕር ገጠር ሰንብታ ዛሬ መጣች። ልብሷ የገብስ ገለባ ይሸታል፤ አፍንጫዋም ጠቃጠቆ አውጥቷል።

እኔም በልጅነቴ ከአጨዳ የተመለስኩት እንዲሁ ሆኜ ነበር። ማሳው ዳር የነበረው የቆቅ ጎጆ ባዶ ሆኖ በመገኘቱ አክስቴ አገጬን ይዛ፣ «የእንቁላሉ ዝንጉርጉር ፊትሽ ላይ ወጥቶ ምነው ትክጃለሽ?» አለችኝ። «ጭልፊት ይሆናላ የበላው!» ብል ማን ሰምቶኝ!

ዛሬ ይህን ሁሉ ነግሬ ነርሷን ስለ ጠቃጠቆው ጠየቅኋት።

«እማማ፣ ጠቃጠቆ ከዘር ይወረሳል፤ ፀሐይ ደግሞ ያጎላዋል» አለችኝ እየሳቀች። «እኔ ያንቺን ወረስኩ እንጂ እንቁላል አልበላሁም። ለዘንድሮ ገና ከገበታው መጀመሪያ የምትቆርሺው አንቺ ነሽ።»