ኪርሲ ያለችበት ፋርማሲ

ሬያ የጀልባ ሞተር መካኒክ ናት። ከእኔ ጋር በአንድ ጋራዥ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ሞተሩን አስነሱላት እንጂ፣ የትኛው ካንዴላ እንደሞተ በድምፁ ብቻ ትነግራችኋለች።

በዚያ ግንቦት የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የበርች ዛፎቹ አብበው የሐይቃችን ዳር በቢጫ ብናኝ ተሸፍኗል። ይህ ብናኝ ከልጅነቷ ጀምሮ አስሟን ይቀሰቅስባታል። ለዚህም ጠዋትና ማታ በአፏ የምትስበው መድኃኒት አላት። መድኃኒቱ አለቀ፤ ሌላ አልገዛችም።

ምክንያቷ ኪርሲ ናት። ከተማችን ያላት አንድ ፋርማሲ ነው፤ እዚያ የምትሠራው ኪርሲ ደግሞ ከሬያ ባል ከአርቶ ጋር ከጋብቻው በፊት ሦስት ዓመት አብራው የኖረች ሴት ናት።

«አርቶን ላኪው» አልኳት።

«ባለፈው ለፕላስተር ልኬው ሃያ አምስት ደቂቃ ቆየ። ለፕላስተር! ቀለም ሲያማርጥ ነበር?»

«ወረፋ ይዞት ይሆናላ።»

«ረቡዕ ጠዋት? በዚህች ከተማ?»

«እንግዲያው ራስሽ ሂጂ።»

«አፍንጫዬ ቀልቶ፣ ዓይኔ አብጦ ፊቷ ልቁም? እሷ በዚያ ነጭ ጋዋን አምራ ‹ሬያዬ፣ ደህና ነሽ?› ትበለኝ? ብታፈን ይሻለኛል።»

የእርግዝና ክትትል ነርሷ መድኃኒቷን በደንብ እንደምትወስድ ስትጠይቃት «አዎ» ብላ ዋሸች። ለራሷ ደግሞ ፅንሱን መድኃኒት ባይነካው ይሻላል የሚል ሰበብ አበጀች። ይህን እያለች ግን ከአርቶ መሳቢያ ያገኘችውን የአፍንጫ መክፈቻ ክኒን በቱታዋ ኪስ ይዛ ትውጣለች።

አንድ ቀን የሞተር ክዳን አንስታ አስቀመጠችና ቀና አላለችም። «መፍቻውን... ስጠ...» ብላ ቀረች። ትከሻዋ ከትንፋሿ ጋር ይነሣል፣ ይወርዳል። መኪናው ውስጥ አስገባኋት።

«የአየር ማጣሪያው የተደፈነ ሞተር ቢያመጡልሽ ባለቤቱን ትሰድቢው ነበር» አልኳት።

ፋርማሲው ቅርብ ነው፤ ጤና ጣቢያውም ከፊቱ። ኪርሲ ገና ስታያት ከባንኮኒው ወጥታ ጓዳ አስቀመጠቻት፤ ቶሎ የሚያስታግሰውን መድኃኒት አስሳበቻት፤ ሐኪሙን ጠራች። ትንፋሿ መለስ ሲል ኪርሲ ጠየቀቻት፦

«ሌላ የምትወስጂው ነገር አለ?»

ሬያ ክኒኑን አወጣች።

«ይህን ለእርጉዝ አንሰጥም፤ ይቅርብሽ። የሚሳበውን ማን አቁሚ አለሽ?»

«ማንም።»

«ያንን እርጉዝም ሆነሽ ትቀጥያለሽ። አንቺ አየር ሲያጥርሽ ልጁም ያጥረዋል። ዝም ብለሽ ከምታቆሚ ትጠይቂኛለሽ፤ እሺ?»

«እሺ።»

ሐኪሙ መርምሮ የልጁን የልብ ምት አሰማትና ኪርሲ ያለችውን ደገመላት። ስንመለስ፣ ድልድዩን ካለፍን በኋላ፦

«አሁንም ታምራለች» አለች ሬያ።

«ማን?»

«አትቀልድ። ቀለበት ግን አላደረገችም። አይተሃል?»

ከዚያ በኋላ መድኃኒቷ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ቱታዋን አውልቃ፣ ፀጉሯን አበጥራ፣ ወደ ፋርማሲው ትሄዳለች። አንድም ቀን ሳትወስድ አላሳለፈችም። ልጅቷ በጥቅምት ሦስት ኪሎ ተኩል ሆና ተወለደች፤ ስታለቅስ ሁለት ፎቅ ድረስ ይሰማል።

አርቶ አንድ ጊዜ «ዛሬ እኔ ላምጣልሽ» ብሏት ነበር።

«አንተ ዓሣህን አጥምድ» አለችው፤ የመኪናውን ቁልፍ ይዛ ወጣች።