የሚስቴ ወንድም ቃሬዛ

የሚስቴ ወንድም በሰው ቀብር ላይ አዋርዶኛል። ይህን የምጽፈው እሱም እንዲያነበው ነው። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ከጎለመስሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። እሱ ግን አጥርቶ ያነባል።

በእኛ በከሚሴ ሰው ሲሞት ቅሬው፣ የቀብር ማኅበራችን፣ ይጠራል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይወጣል፤ ጀናዛው በቃሬዛ ሆኖ በሰው ትከሻ ይሄዳል። ወንዱ ሁሉ እየተሻማ ትከሻውን ያስገባል፣ ጥቂት ሄዶ ለሌላው ይለቃል። አጅር አለው፣ ከአላህ ዘንድ ይጻፋል። ትከሻው የደከመ ሰው ከአቅመ ቢሶቹ ጋር ከኋላ ይከተላል። ከኋላ መከተል የጀመረ ሰው ተመልሶ ወደ ፊት ሲመጣ አላየሁም። ወደ ፊት የሚመጣው ተኝቶ ነው።

የዚያን ቀን የሞተው ጎረቤቴ ነበር፤ ጨፋ ሮቢት ገበያ ከብት አብረን እንነዳ የነበርን ሰው። ተራዬ ደርሶ ትከሻዬን ላስገባ ስል የሚስቴ ወንድም ክንዴን ያዘኝ።

«አንተ ተው» አለኝ፣ ድምፁን ሳይቀንስ። «ብትወድቅ ሁለት ጀናዛ አንችልም።»

ሰው ሳቀ። በቀብር መሐል ሳቀ! አንዱ አፉን በፎጣው ሸፈነ፣ ሌላው «አስተግፊሩላህ» አለ፤ ግን ሳቀ። ቦርጬ ከሽርጤ በላይ ተንጠልጥሏል፣ ትንፋሼም አጥሯል። ከኋላ ተከተልሁ።

ቤት ስገባ ለሚስቴ «ወንድምሽን በዚህ ትከሻ ተሸክሜ ሳልቀብረው አልሞትም» አልኋት።

«አላህ ለሁላችሁም ዕድሜ ይስጣችሁ» አለች።

«ለእኔ ብቻ ይስጥ።»

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ነርሷ ልጄ የምትሆን ናት። ደሜን አይታ «አባባ፣ ስኳርዎ ከፍ ብሏል፣ ግፊትም አለ» አለችኝ። ስኳር ይተው፣ ጮማ ይተው፣ ለስላሳ ይተው፣ ጫት ይቀንሱ፣ በየቀኑ በእግር ይሂዱ፣ እጅዎ የሚፈታበት ሥራ ይያዙ አለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አልሁ። «ያልሽውን ሁሉ ባደርግ ከአንድ ሰው በላይ እኖራለሁ?»

«ከማን በላይ?»

«ከሚስቴ ወንድም። በዕድሜ ትንሽ ያንሰኛል።»

ሳቀች። «እሳቸው ምን ይበላሉ?»

«ጮማ። ሻዩ ውስጥ ስኳሩ ማንኪያ ያቆማል።»

«እንግዲያው ተስፋ አለ» አለች። ይችን ልጅ ወደድኋት።

ከሁሉ የከበደኝ ሻዩ ነበር። በእኛ አገር ሻይ ማለት ስኳሩ ነው። ያለ ስኳር መጀመሪያ ስቀምሰው ቆዳ የተነከረበት ውሃ መሰለኝ። ልተፋው ስል ያ ሳቅ ትዝ ይለኛል፤ «ሁለት ጀናዛ» እያልሁ ጉንጭ በጉንጭ ዋጥሁት።

ቀጥሎ በጮማው ፈንታ ማሾ የሚባለው ጥራጥሬ መጣ። ማሾ በእኛ ቆላ እንደ ልብ ይበቅላል፤ ግን ለነጋዴ እንሰጠዋለን እንጂ አንበላውም። ውጭ አገር ይሄዳል ይላሉ። ገበሬው እሱን ሸጦ መኮሮኒ ይበላል። ሚስቴን ማሾ ቀቅይልኝ ብላት ተቆጣች።

«ሰው ምን ይለናል? ደኸይተው የነጋዴ እህል በሉ ሊባል?»

«ይባል።»

የማሽላ እንጀራ በጎመን፣ ማሾ ንፍሮ፣ ማሾ ወጥ። ሽርጤ ላላ። ሰርግ ቤት ስንጠራ የሚስቴ ወንድም ከፊቴ ቁጭ ብሎ ስቡን ይጎርሳል። «ብላ እንጂ አማቼ» ይለኛል። «አንተ ብላልኝ» እለዋለሁ። ከልቤ ነው። አንዴማ ከትሪው ላይ የሰባውን መርጬ፣ በእንጀራ ጠቅልዬ አጎረስሁት። ደገምሁለት። ሰው ፍቅር መስሎት መረቀን።

መሄዱን በተመለከተ፣ ሰው ያለ ጉዳይ ባዶ እጁን ወዴት ይሄዳል? ደግሞም የተዋረደው ትከሻዬ ነው። ከጓሮዬ አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ቆረጥሁና ንጋት ላይ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ተሸክሜ በደሴው መንገድ እስከ ወንዙ ድልድይ መሄድ ጀመርሁ። እዚያ ትከሻ ለውጬ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ግማሽ መንገድ ላይ አውርጄው እቀመጥበት ነበር። የባጃጅ ነጂዎቹ ያዩኛል።

«አባባ፣ ቤት ሊሠሩ ነው?» አለኝ አንዱ።

«አዎ።»

ሰንበት ብሎ ደግሞ አጠገቤ አቆመ። «አባባ፣ ይሄ እንጨት ያው አይደል እንዴ? ገዢ አጣ?»

«ገዢው ገና አልሞተም» አልሁት። ልጁ ባጃጁን አስነስቶ ሄደ።

የሚስቴ ወንድም ይህን ሲሰማ መስጊድ በር ላይ ቆሞ «ሰውዬው ለየለት፣ ግንድ ያንሸራሽራል» ብሎ አሳቀብኝ። ሳቁንም ከግንዱ ጋር ተሸከምሁት።

የቀረችው ከሰዓት በኋላዋ ነበረች። ከዙሁር በኋላ ሰው ጫቱን ይዞ ይቀመጣል፤ ጫት ደግሞ ብቻውን አይገባም፣ ለስላሳ ይጠራል፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ይጠራል። አናጢ የነበረው ታላቅ ወንድሜ የተወው መጋዝና መላጊያ ከግድግዳ ላይ ተሰቅለው ዝገዋል። አወረድኋቸውና አናጢነት ሞከርሁ። የመጀመሪያው በርጩማ ሰው ሲቀመጥበት ስለሚንገዳገድ ሚስቴ ለዶሮዎቿ ሰጠችው። ሁለተኛው ቆመ። ደስታው ሌላ ነው። የተላገ እንጨት በመዳፍ ሲዳብሱት እንዴት እንደሚለሰልስ እስከዚህ ዕድሜ ሳላውቅ መኖሬ ቆጨኝ። ጫቱን ሳላስበው የምውልበት ቀን መጣ።

አንድ ቀን እጄ ላይ ረጅም ጣውላ ይዤ ሳለ የቅሬው አሮጌ ቃሬዛ ታሰበኝ። ተሰንጥቆ በሽቦ ታስሮ ነበር። ለቅሬው ዳኛ «ለአላህ ብዬ አዲስ እሠራለሁ» አልሁት። እጁን ዘርግቶ መረቀኝ። ልኩን ከየት እንደማመጣው አልነገርሁትም።

የሚስቴ ወንድም ረጅም ነው፤ እኛ ቤት ሲገባ ጎንበስ ይላል። እህቱን ሊጠይቅ መጥቶ በልቶ፣ መደብ ላይ ተዘርግቶ ሲያንኮራፋ ገመድ አምጥቼ ከራሱ እስከ ተረከዙ ለካሁት። ሚስቴ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ዝም በይ፣ ይነቃል። ጋቢ ላሠራለት ነው።»

ቃሬዛው አምሮ አለቀ። ብዙም አልቆየ፣ ከመስጊዱ ጀርባ የምትኖር አንዲት ባልቴት ሞተች። አላህ ይማራት፣ ትንሽዬ ሴት ነበረች። ጀናዛዋ ሲጫን ባዶ የቀረው ቦታ ለሌላ ሰው የሚበቃ ነበር። የሚስቴ ወንድም ቀድሞ ተናገረ።

«ይሄን ሁሉ ርዝመት ለማን ብለህ ነው? ግመል ልትቀብር ነው?»

«ለአንተ ነው» አልሁት። «ተኝተህ ለካሁህ።»

እሱ የሳቀ መስሎ ጥርሱን አሳየ፤ ፊቱ ግን ጠቆረ። ወዲያው ከፊት በቀኝ በኩል ትከሻውን አስገባና ለማንም አልለቅም አለ። መቃብሩ ዳገት ላይ ነው። እኔ ከጎኑ ሆኜ ሄድሁ፣ ዐይኔን ከጉልበቱ ላይ ሳላነሳ። ዳገቱ መሐል ላይ ትንፋሹ ሲያፏጭ ሰማሁ። ጮማው፣ ሻዩ፣ እኔ ያጎረስሁት ሁሉ አንድ ላይ መጣበት። ጉልበቱ ታጠፈ፣ ቃሬዛው በአንድ ጎን ወረደ፣ ሰው «ያ አላህ!» አለ።

በእሱ ቦታ ትከሻዬን አስገባሁ። ቃሬዛው ቀና አለ። በሌላው እጄ ክንዱን ይዤ ወደ ዳር አወጣሁት።

«አንተ ተው» አልሁት፣ ድምፄን ሳልቀንስ። «የአንተ ተራ ገና ነው። ያኔ ተኝተህ ትሄዳለህ።»

ሰው ሳቀ። «አስተግፊሩላህ» ያለው ያው የዚያን ቀኑ ሰውዬ ነበር። እስከ መቃብሩ አፍ ለማንም አልለቀቅሁም። ዞር ብዬ ሳይ የሚስቴ ወንድም እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ከኋላ፣ ከአቅመ ቢሶቹ ጋር ይከተላል። ከማር ጣመኝ፤ ማር ደግሞ ከቀመስሁ ቆይቻለሁ።

ሚስቴ ሰምታ አኮረፈች። «ወንድሜ ነው» አለችኝ።

«አውቃለሁ። ባዳ ቢሆን ይህን ያህል እደክማለሁ?»

ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ሰንበት ብሎ አንድ ጠዋት ግንዴን ተሸክሜ ድልድዩ ጋ ስደርስ የሚስቴ ወንድም ከማዶ ይመጣል። በእግሩ። ላቡ በጢሙ ላይ ይወርዳል።

«አካም ቡልቴ» ብዬ እንዴት እንዳደረ ጠየቅሁት፣ ሰላምታ የአላህ ነው ብዬ።

«ነጋያ።»

«ወዴት ነው በጠዋቱ?»

«የትም። ስኳር አለብህ ተባልሁ።» ግንዱን ከላይ እስከ ታች አየው። «በዚያ ቃሬዛህ ላይ አልወጣም። አንተ ነህ የምትወጣበት። ረጅም ቃሬዛ ለአጭር ሰው ይሰፋል እንጂ መች እምቢ ይላል?»

ብሎኝ አለፈ። እኔ ግንዱን ተሸክሜ እዚያው ቆምሁ። ስልግ፣ ስመታ፣ ስለካ ይህን አንድም ቀን አላሰብሁትም።

አሁን በየጠዋቱ ድልድዩ ላይ እንተላለፋለን። ሚስቱ ማሾ መቀቀል መጀመሯን ለሚስቴ ነግራታለች። ሻይ ያለ ስኳር ሲጠጣም አየሁት፤ ፊቱን አጨማዶ፣ እኔን እያየ ነው የሚውጠው። ባለፈው ሰርግ ከትሪው ላይ የሰባውን መርጦ፣ በእንጀራ ጠቅልሎ ወደ አፌ ዘረጋ። ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ ያየናል።

«ብላ እንጂ አማቼ።»

«ጠግቤያለሁ» አልሁት። በማግስቱ መጥረቢያዬን ይዤ ጓሮ ወጣሁና ከፊተኛው የሚወፍር ግንድ ቆረጥሁ።