የገቡት አልወጡም

«ስትገባ አየሁህ፣ ስትወጣ ግን…» እያለች አንዲት ተማሪ ታንጎራጉራለች፤ ቀሪው ስንኝ ጠፍቶባታል።

ተማሪዋ የከተማ ፕላን ትምህርት አራተኛ ዓመት ላይ ናት። ለመመረቂያ ጽሑፏ ከአንድ ጠባብ ቅያስ አፍ ላይ ቆማ ገቢና ወጪውን ሰው ትቆጥራለች። በካርታው ላይ የቅያሱ መጨረሻ ዝግ ነው፤ ስለዚህ የገባ ሁሉ በገባበት መውጣት አለበት። እሷ ግን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ሲገባ ቆጥራ፣ ሲወጣ ያየችው መቶ ዘጠና ብቻ ነው። ደግማ ብትቆጥርም ያው።

አማካሪ መምህሯ፣ ሌሎቹን መሬት ዋጠቻቸው ወይ ብሎ ሳቀባት። እስከ ዓርብ ካላስተካከለች ዘንድሮ እንደማትመረቅ ሲነግራት ግን አልሳቀም።

ቅያሱ አፍ ላይ የሚቀመጠው ጫማ ጠጋኝ በየጠዋቱ፣ «ቆጣሪዋ፣ ዛሬ ደግሞ የማንን መብራት ልትቆርጪ ነው?» ይላታል። ትስቃለች፤ ሐሳቧ ግን እንደተወሳሰበ ክር ጫፉ ጠፍቶባታል።

ሐሙስ ጠዋት አንዲት ነርስ ስትገባ አይታ ተከተለቻት። ነርሷ መጨረሻ ላይ ያለውን ሰማያዊ በር ገፋ አድርጋ ገባች። የሰው ሳሎን ነው፤ ሶፋ አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፣ ምንጣፉ መሃል ለመሃል በእግር ብዛት ነጥቷል። ነርሷ ሽንኩርት የሚከትፉትን አሮጊት «እንደምን አደሩ እማማ» ብላ፣ በጓሮ በር ወደ ታክሲው ጎዳና ወጣች። በዚህ የሚያልፉትን ሁሉ ማታ ታክሲው በላይኛው መንገድ ነው የሚያወርዳቸው፤ በዚህ የሚመለስ የለም።

ተማሪዋ ግራ ገብቷት ቆመች። «መንገድ ነው እንዴ ይሄ?»

«ቤቴ ነው እንጂ ልጄ። ባሌ ከሞተ ወዲህ በሩን ብዘጋው፣ ማን እንደምን አደሩ ይለኛል?»

በካርታው ላይ መንገድ ብላ ብታሰምረው ቁጥሩ ይሞላል፣ ትመረቃለች። ግን የተሰመረ መንገድ አንድ ቀን ይሰፋል፤ ያኔ ሶፋው የት ይሄዳል? ባታሰምረውስ? አራት ዓመት ሙሉ ስለ መንገድና ስለ ቤት ተምራ፣ ሁለቱን መለየት አቃታት።

«በወረቀቴ ላይ ልጻፍዎት?» አለች።

«ምን ብለሽ?»

ተማሪዋ ወረቀቷን ዘረጋች። በኅዳጉ ላይ «ቀሪዎቹ በሰው ፈቃድ ያልፋሉ» ብላ ጻፈች፤ የማን ፈቃድ፣ በየትኛው በር፣ አልጻፈችም። መምህሩ ይቀበለው አይቀበለው እንጃ።

አሮጊቷ ሾርባ ቀድተው አስጠጉላት። ቆመሽ የምታስቢውን ተቀምጠሽ አስቢው አሏት። ተቀመጠች። ማንኪያውን ስታነሳ አንድ ሰው ይቅርታ ብሎ በጉልበቷና በጠረጴዛው መካከል አለፈ፤ እግሯን ሰብስባ አሳለፈችውና መብላት ጀመረች።