ለትልቁ ደረሳ

ቅዳሜ ነበር። አጋሮ፣ ቤታችን ደጅ፣ እኔና እናቴ የተሰጣ ጀንፈል ቡና እናገላብጣለን። ዝናብ ይመጣል አይመጣም እያልን ስንከራከር ስልኬ ጮኸ። ወንድሜ ነው፤ መስመሩ እንዲጠራልኝ ከእናቴ ራቅ ብዬ አነሣሁት። ከቤት ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሶማሌ አገር ወደብ ላይ ሸክም እሠራለሁ ብሎን ነበር፤ እኛም አምነነዋል።

ድምፁ ደክሟል። «ሸኹ ሞቱ» አለኝ።

በኛ ቤት ሸኹ ሲባል አንድ ሰው ነው። የቡ ከተማ የሚኖሩት፣ ሁለታችንንም ከፊደሉ ጀምሮ ቁርአን ያስቀሩን ሽማግሌ። «ኢና ሊላሂ» አልኩ። እዚያ ሆኖ ከኛ በፊት እንዴት ሰማ ብዬ አላሰብኩም። ወሬ በስልክ ይሮጣል።

«አሁን ቦታቸውን ሁለት ሰዎች ይፈልጉታል» አለ። «አንዱ የድሮ ደረሳቸው ነው። ሌላው ከውጭ የመጣ ነው፣ ጉልበት አለው። እስከ ነገ ለአንዳቸው እጄን መስጠት አለብኝ። አንተ ብትሆን ለማን ትሰጣለህ?»

ሳቅኩበት። እውነቱን ለመናገር ሳቅኩ። በኛ ዘንድ ሸኽ ሲሞቱ በቁርበታቸው ላይ የሚቀመጠው ከሁሉ በፊት የተማረው፣ አብሯቸው ያረጀው ተማሪ ነው፤ ትልቁ ደረሳ። እጅ መስጠት ያለውም የአዲሱን ሸኽ እጅ መሳም መሰለኝ።

«ይሄም ይጠየቃል? ለትልቁ ደረሳ ነዋ! ሸክሙ ጭንቅላትህን መታህ እንዴ?»

«እሺ፣ አንተ ካልክ» አለ። «እማዬን ሰላም በልልኝ።»

ለእናቴ ሸኹ ሞቱ ብቻ አልኳት። ጀንፈሉን ሸራ አልብሰን በሚኒባስ ወደ የቡ ሄድን። ከአጥሩ ስንደርስ እናቴ ድምጿን ከፍ አድርጋ አለቀሰች። ሸኹ መፋቂያ በአፋቸው፣ ከዘራቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

«እርስዎ!» አለች እናቴ እያለቀሰች።

«እኔ? ታዲያ ለኔ ሳይነገረኝ?» እስኪያስላቸው ሳቁ። እናቴም በሻሿ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

ወሬው ከወንድሜ እንደመጣ ስነግራቸው «በል ልጁ ያለውን አንድ በአንድ ንገረኝ» አሉኝ። ነገርኳቸው። እጅ መስጠት ላይ ስደርስ ፊታቸው ተለወጠ።

«ደረሳ ሸኹ ሲሞት ያለቅሳል፣ ዱዓ ያደርጋል። እስከ ነገ ምረጥ የሚለው የለም» አሉ ወደ እናቴ ዞረው። «ይሄ ለአለቃ የሚገባ መሐላ ነው። ልጅሽ ወደብ ላይ አይደለም፣ ልጄ። በዲን ስም ጠመንጃ ካነሡት ጋር ነው። የሞተውም የነሱ አለቃ ነው።»

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «አንተስ ምን ብለህ መለስክለት?»

እናቴ ታየኛለች።

«ምንም» አልኩ። «መስመሩ ተቋረጠ።»

እዚያው ሆኜ ደወልኩ። ዝግ ነው። በመንገድ ደወልኩ። እሑድን ሙሉ፣ ቻርጅ ላይ ሰክቼ፣ ደወልኩ። ማንንም እንዳትከተል፣ ውጣና አምልጥ ልለው ነበር።

ሰኞ ከሰዓት በማላውቀው ቁጥር ተደወለ። ሰውዬው እንደኛው በኦሮምኛ ነው የሚያወራው፤ ይቸኩላል። «ወንድምህ ከድሮው ሰው ጋር ቆመ። አለቅነቱን የያዘው ግን ሌላኛው ነው። ከድሮው ጋር የቆሙትን ትናንት ጨረሷቸው። አላህ ይዘንለት።» የት እንደተቀበረ ሳልጠይቀው ዘጋው።

ሁለት ዓመት እዚያ ምን ሲያደርግ እንደነበር አላውቅም። በሱ እጅ የሞተ የሌላ ሰው ወንድም ይኖር ይሆናል። ይህን ሳስብ ለሱ ማልቀስ አሳፈረኝ። ግን አለቀስኩ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ወደብ ላይ አደጋ ደረሰበት አልን። እናቴ ደረቷን ይዛ አንድ ነገር ብቻ ትደጋግማለች፦ «ምነው አንድ ሰው ተው ብሎ በመከረው! ምነው አንድ ሰው!» እሷ ይህን ባለች ቁጥር ጀሪካን አንስቼ ውሃ ለመቅዳት እወጣ ነበር። በርሜሉ ሞልቶ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ለቅሶ ደራሽ ሳይመጣ፣ እናቴ የሱብሒን ሶላት ሰግዳ ገና ከመስገጃዋ አልተነሣችም። ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

«እማዬ፣ መስመሩ አልተቋረጠም ነበር» አልኳት።

የጠየቀኝን ነገርኳት። የመለስኩለትን ነገርኳት። መሳቄንም ነገርኳት።