ፈተናውንም መልሱንም የጻፈው ማክሮ

ከወረታ የወጣሁት በዚያ በአንድ ለአምስት ስብሰባ ዘመን፣ በነሐሴ ምሽት፣ ሜዳው ሁሉ ውሃ ተኝቶበት ሳለ ነው። ቄሱ አባቴ ከሚያገለግሉበት ከቁሐር ሚካኤል እስከ ጉልበታቸው ረጥበው ሊሸኙኝ መጡ። ባለቤቴ ውባለም ልጃችንን ምሕረትን አዝላ ከሚኒባሱ አጠገብ ቆማለች።

«የኮምፒውተር መምህርነቱ ምን ጎደለው ልጄ?» አሉኝ አባቴ።

«አባባ፣ በርሊን ያገኘሁት ሥራ የስድስት ወር የሙከራ ጊዜ አለው። እሱን ካለፍሁ ውባለምንና ምሕረትን እወስዳቸዋለሁ።»

«ባታልፍሳ?»

ሚኒባሱ ወደ ባሕር ዳር ሲነሳ ከናፍቆቱ ይልቅ ፍርሃቱ ነበር የባሰብኝ፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

በርሊን ሩዝ በሹካ ይበላል፤ እኛ ከጤፍ ጋር አስፈጭተን እንጀራ የምናደርገውን! ጎረቤት ሰላም ካሉት ይደነግጣል። ሥራዬ ወላጆች ልጆቻቸውን ለመዋዕለ ሕፃናት የሚያስመዘግቡበትን ድረ ገጽ መሥራት ነው። እዚህ ማክሮ የሚባል ነገር ወደድሁ፤ ኮድ የሚጽፍ ኮድ ማለት ነው። አንድ ደንብ በአንድ መስመር ትሰጠዋለህ፤ መመዝገቢያ ቅጹንም፣ ቅጹ በትክክል መሥራቱን የሚፈትነውንም ኮድ ራሱ ይጽፍልሃል። እንደ ብሎኬት ማምረቻ ቅርጽ በለው፤ ቅርጹ ከጠመመ ብሎኬቱ ሁሉ ጠማማ ነው። በአንድ ሳምንት ሁለት መቶ ፈተና አወጣሁ፤ ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም አለፈ። አለቃዬ ማርቲና «ጎበዝ!» ስትለኝ ልቤ አበጠ።

በአምስተኛው ወር ቤተሰቤን ስለማምጣት ልጠይቅ ወደ ውጭ ዜጎች ቢሮ ሄድሁ። ከመስታወቱ ጀርባ ያለው ሰውዬ ወረቀቴን አገላብጦ መነጽሩን አወለቀ።

«የእርስዎ የቤተሰብ ስም ታደሰ። የሚስትዎ ካሳ። የልጅዎ ይግረም። ሦስት ሰው፣ ሦስት ቤተሰብ! ማን ነው ከማን ጋር የሚኖረው?»

«እስካሁን ማንም ከማንም ጋር አይኖርም፤ እሱን ነው የምለምንዎ።»

አልሳቀም። «እዚህ ልጅ የምትይዘው የአባቷን የቤተሰብ ስም ነው። ይግረም የሚባለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

ይህን ስል ማክሮዬ ትዝ አለኝ። ወረታ ተማሪ ስንመዘግብ የልጁ ሁለተኛ ስም የአባቱ ስም ካልሆነ መዝገቡ ተሳስቷል እንላለን። ማክሮው ውስጥ የከተትሁትም ይህንኑ ደንብ ነው! የፊታችን ሰኞ ድረ ገጹ ሲከፈት የዚህ አገር ወላጅ ሁሉ የልጁን ስም ሲጽፍ «ስህተት ነው» ሊባል ነው። ፈተናውስ? ፈተናውንም የጻፈው ያው ማክሮ ነው። ተማሪ ራሱ ጥያቄ አውጥቶ ራሱ ካረመ ማን ይወድቃል?

ዝም ብል ሰኞ ይገለጣል፤ ብናገር ዛሬውኑ ልባረር እችላለሁ። ከዚያው ወደ ሥራ ቦታዬ ሄጄ ለማርቲና ነገርኋት።

«ሁለት መቶው ሁሉ?»

«ሁሉም።»

ኮምፒውተሩን አየች፤ እኔን አየች። «አስተካክለው። ድረ ገጹ ከተከፈተ በኋላ ስለ አንተ እንነጋገራለን።»

ደንቡን ቀየርሁ፤ ፈተናዎቹን ግን በዚህ ጊዜ አንድ በአንድ በእጄ ጻፍኋቸው። እሑድ ወደ ቤት ደወልሁ።

«ሥራው እንዴት ነው?» አለች ውባለም።

«ደኅና ነው።»

«አገሩ ብርድ ነው ብለኸኝ አልነበር? እንግዲያ ለምሕረት ሹራብ ልግዛላት?»

ልጄ ከኋላ ስትስቅ ይሰማኛል።

«ግዢላት» አልኋት። «ሰፋ ያለውን፣ ለከርሞም የሚሆናትን ግዢላት።»