በአረቄ መለኪያ የተቀመጠ ነጭ ጋዝ

ይህ የሆነው በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ ኮልፌ ውስጥ ሰዓት እጠግን በነበረበት ጊዜ ነው። እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዕድሜዬ ስለገፋ፣ ይዤው ከምሞት ልጻፈውና ይውጣልኝ ብዬ ነው።

የእጅም የግድግዳም ሰዓት እሠራ ነበር፤ የምወደው ግን የመኪና ሰዓት ነው። ያኔ አንዳንድ አሮጌ መኪኖች መሪው አጠገብ በእጅ የሚሞላ ሰዓት ነበራቸው። የኮልፌ አቧራ ይገባበትና ዘይቱን ጭቃ ያደርገዋል፤ ሰዓቱም ቀጥ ይላል። እፈታዋለሁ፣ ጥርሶቹን በነጭ ጋዝ አጥቤ አደርቃለሁ፣ ከዚያ በመርፌ ጫፍ ዘይት ጠብ አደርግበታለሁ። ዘይት ከበዛ መልሶ አቧራ ይሰበስባል። በዚህ ጥንቃቄዬ እኩራራ ነበር። ነጭ ጋዙን የማስቀምጠው ግን በምን መሰላችሁ? በአረቄ መለኪያ! ትንሽ ስለሆነች ጥርሶቹ አይጠፉባትም።

አንድ ቀን ጠዋት አባባ ወልዴ የሚባሉ ነጋዴ ከልጃቸው ከተካ ጋር መጡ። የመኪናቸውን ሰዓት ከዋዜማው ፈትቼ ጀምሬዋለሁ። ተካ መኪናዋን ደጅ አቁሞ ጎማዋን ያያል። አባባ ጉንፋን ይዟቸው አፍንጫቸው ተደፍኗል፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው አጠገቤ ተቀመጡ። ባለፈው ሲመጡ አረቄ ቀድቼላቸው ነበር፣ በዚያው ዓይነት መለኪያ።

እኔ ማጉያዬን ዓይኔ ላይ ሰክቼ ሰዓታቸው ላይ አጎንብሻለሁ።

«ልጄ፣ ይቺ የኔ ናት?» አሉኝ።

ሰዓቷን መስሎኝ፣ ቀና እንኳ ሳልል፣ «አዎ አባባ፣ የእርስዎ ናት» አልኩ።

«እግዜር ይስጥልኝ» ሲሉ ሰማሁ። ወዲያው ሳል ተከተለ። ቀና ስል ነጭ ጋዝ የነበረባት መለኪያ ባዶ ናት።

ክው አልኩ። ገደልኳቸው አልኩ በሆዴ። አባባ ደረታቸውን ይዘው፣ ዓይናቸው ፈጦ ያዩኛል። ጮህኩ፤ ተካ ሰምቶ ገባ፤ የሰፈሩ ሰው ተከተለ። አንዷ ወተት ይዛ መጣች። ሌላው «ጣትህን ክተትና አስመልሳቸው!» ይለኛል። እውነት ብዬ አገጫቸውን ስይዝ ተካ ገፈተረኝና ተሸክመናቸው ወደ መኪናው ሮጥን።

ከኋላ ጭንቅላታቸውን ይዤ ተቀመጥኩ። በሳሉ ቁጥር አለቀላቸው እላለሁ። ስንት ደቂቃ እንደፈጀን ልይ ብዬ ወደ መሪው ባይ፣ የሰዓቷ ቦታ ባዶ ቀዳዳ ነው። ክሊኒክ ስንደርስ ነርሷ «ከጠጡ ምን ያህል ሆነ?» አለች። «እንጃ» አልኳት እኔ ሰዓት ሠሪው።

«አላስመለሳችኋቸውም?» አለች ቀጥላ።

«አላስመለስንም» አላት ተካ።

«እሰይ! ቢያስመልሱት ኖሮ ወደ ሳንባቸው ይገባ ነበር።»

ይሄን ጊዜ ግድግዳውን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። በአንድ ጠዋት ሁለት ጊዜ ልገድላቸው ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ግቡ አለን። አባባ ፊታቸው ገርጥቷል፣ ግን ነፍሳቸው ተመልሳለች።

«አባዬ፣ እንዴት ሳይጠይቁ ያገኙትን ይጠጣሉ?» አለ ተካ እንባው እየመጣ።

አባባ እኔን አዩኝ።

«ቅልውጥና ነዋ!» አሉ። «ማንንም አልጠየቅኩ። አንስቼ ጠጣሁ።»

እውነቱን መናገር ፈራሁ። ያን ቀን ብናገር ተካ አንቆ የሚገድለኝ መስሎኝ ነበር፤ ኋላ ደግሞ በየቀኑ የበለጠ እየከበደኝ ሄደ።

አባባ ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት ኖረው አረፉ። ተካ ዛሬም ባገኘኝ ቁጥር ሰው ፊት አቅፎ ይስመኛል። «አባቴን ተሸክሞ ያተረፈልኝ ይሄ ነው» ይላል። እኔም እሳማለሁ።

ተካ፣ ይህን ካነበብክ ይቅር በለኝ። አባትህ ጠይቀውኝ ነበር።